የእንፍራንዝ ዳገትና የወይራ ታኮ

ውድ ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ሞላ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ጣና የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር ከመስኮታችን መለየት አይቻልም። ጋቢህን ደርቤ መንገድ ሳቅድ ዋልሁ። ብትሰማ ትስቅብኛለህ፤ ለሙት ዓመትህ መኪናዋን ራሴ ነድቼ እንፍራንዝ መቃብርህ ድረስ ልመጣልህ ነው። ብቻዬን።

መጀመሪያ የቤቱን ነገር ልንገርህ። ጣሪያው አንተ በደፈንኸው በኩል ደህና ነው፤ "ለከርሞ" ባልኸው በኩል ግን ያፈስሳል፣ ከሥሩ ድስት ደቅኜለታለሁ። ልጃችን ሕይወት አዲስ አበባ ኮሌጅ ገባች። በየደብዳቤዋ መኪናዋን አስነስቻት እንደሆነ ትጠይቀኛለች። አስነሳታለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ዓባይ ድልድይ ደርሼ እመለሳለሁ። ከዚያ የተረፈውን የኩፖን ቤንዚን ለመንገዱ አስቀምጫለሁ። የይለፍ ወረቀትም ከቀበሌ አወጣሁ። ሊቀመንበሩ "አብሮዎት የሚሄደው ማነው፣ ጓድ?" ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜም "ማንም" አልሁት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደኝ።

ችግሩ ዳገቱ ነው፣ ታዴ። መንዳት ያስተማርኸኝ እዚሁ ዘንባባዎቹ ሥር ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ምን ዳገት አላት! "ዳገት ላይ መነሣቱን ክረምቱ ሲያልፍ አሳይሻለሁ" እያልህ ስንቱን ክረምት አሳለፍህ። የመኪናዋ የእጅ ፍሬን እንደሆነ ከድሮም ስሙ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ በቆምን ቁጥር ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ታኮውን፣ ያንን እንጨት፣ ከጎማ ሥር ማድረግና ማንሳት የእኔ ሥራ ነበር።

ያን ቀን ታስታውሳለህ? ከአዲስ ዘመን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ከብቶች መንገዱን ዘጉብን። እኔ ዘልዬ ወርጄ እንጨቱን ከኋላ ጎማ ሥር ወሸቅሁ። ከብቶቹ ሲያልፉ አንተ ሞተሩን አጓርተህ ሄድህ፤ ሜዳ እስክታገኝ መቆም አትችልማ። እኔ ታኮውን በአንድ እጄ፣ ነጠላዬን በሌላው ይዤ ከኋላህ ሩጫ! አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ከብት የሚነዱት ሰውዬ "ይሩጡ እመቤት፣ ባልዎ ጥሎዎት ሄደ!" ብለው ጮኹ። አናቱ ላይ ስደርስ አንተ መኪናዋን ተደግፈህ ሆድህን ይዘህ ትስቃለህ። እስከ እንፍራንዝ አላናግርህም ብዬ ምዬ ነበር። ግን ዞር ስል ጣና ከታች በሙሉ ተዘርግቶ አየሁትና መሐላዬ እዚያው ፈረሰ።

የሰውዬው ቃል ያን ጊዜ አሳቀኝ። ዘንድሮ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ባለፈው ሳምንት ወንድምህ ጋሽ ውብሸት መጥተው ነበር። ሾፌር ልላክልሽ አሉኝ። እምቢ ስላቸው ሳይቆጡ "እሺ እቴ፣ ዳገት ላይ ብትቆምብሽ ታኮውን ማን ያነሳልሻል?" አሉኝ። እጽፍልዎታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። እስከ ዓርብ መልስ ካላገኙ ሾፌሩ ይመጣል። ክፋት የላቸውም፣ ይወዱኛል። ነገር ግን ስንቀብርህ በሰው መኪና፣ በሰው መሐል ሄጄ፣ አንዲት ቃል እንኳ ሳልነግርህ በሰው ተደግፌ ተመለስሁ። አሁን ደግሞ ከኋላ ወንበር እንደ እንግዳ ተቀምጬ መቃብርህ ድረስ መወሰድ አልፈልግም። የምነግርህ አለኝ። ብቻዬን ሆኜ መምጣት አለብኝ።

ስለዚህ ዛሬ ሳሎን ውስጥ ተለማመድሁ። ወንበር ላይ ተቀምጬ አሮጌ ጫማህን በፍሪሲዮን ቦታ፣ የሕይወትን ነጠላ ጫማ በፍሬን፣ የራሴን በቤንዚን መስጫው ቦታ አኖርሁ። መሪዬ ሰፌድ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ድልድዩን ተሻገርሁ። ሐሙሲትን አለፍሁ። የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበት ከብቶቹ እስከ ጉልበታቸው ቆመዋል። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲወርድ የጠጠሩ መንገድ ድምፅ መሰለኝ። አንተ አጠገቤ ነበርህ፤ ማርሽ ስሳሳትም መስኮቱን ከፍተህ ነፋሱን ትስባለህ። ደስ አለኝ፣ ታዴዬ፣ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ዳገቱ መጣ፤ ከብቶቹ መጡ፤ ቆምሁ። ዘወር ስል ወንበርህ ባዶ ነው። ሰፌዱ ከእጄ ወደቀ።

አሥር ሰዓት ላይ ጋቢውን ተከናንቤ ወደ መኪናዋ ወጣሁ። ያንን አሮጌ ታኮ ለመፈለግ ነበር። ከሾፌሩ ወንበር ሥር፣ ትሠራበት ከነበረው ፋብሪካ በመጣ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። አዲስ ታኮ፣ ከወይራ የተጠረበ። መሐሉ ተበስቶ ገመድ ገብቶበታል፤ የገመዱ ጫፍ ከመኪናዋ ኋላ የሚያያዝ ሜንጦ አለው። የሚነዳው ሰው ሞተሩን አጥፍቶ በማርሽ ካስያዛት በኋላ ወርዶ ከጎማው ሥር ያደርገዋል፤ ተመልሶ ሲነሣ ታኮው እየተጎተተ ይከተለዋል። ማንም ማንሳት የለበትም፤ ማንም መሮጥ የለበትም።

ከሐኪም ቤት በወጣህ ሳምንት ከአልጋ ተነሥተህ "ፋብሪካው እንጨት ቤት የጀመርኋት ነገር አለች" ብለህ መሄድህ ትዝ አለኝ። በዚያ አቅምህ መውጣትህ አናዶኝ ማታውን ሙሉ ኮረፍሁህ። ሁለት ሰው ላለበት መኪና ገመድ ምን ያደርጋል? ለአንድ ሰው ነው የሠራኸው። ታውቅ ነበር። መስኮቶቹ በጉም እስኪሸፈኑ ድረስ እዚያው ተቀምጬ አለቀስሁ። ይቅር በለኝ።

ለጋሽ ውብሸት መልሱን ጽፌያለሁ፤ ነገ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ። ታኮውን የሚያነሳ አለ አልኋቸው።

መስከረም ሲጠባ፣ ከብት ባይኖር እንኳ ዳገቱ መሐል ሆን ብዬ እቆማለሁ። ታኮህን አስገባለሁ፣ እነሣለሁ፣ ከኋላዬ ጠጠሩን እያንኳኳ ሲከተለኝ እሰማለሁ። አናቱ ላይ፣ አንተ በቆምህበት ቦታ መኪናዋን ተደግፌ ጣናን እያየሁ እጠብቅሃለሁ። ዳገት በወጣሁ ቁጥር፣ ዕድሜዬን ሙሉ፣ እዚያ እንደዚያው ቆሜ አስብሃለሁ። እንደ እኔ ጫማህን ጭቃ ውስጥ ጥለህ አትሩጥ። ቀስ ብለህ ና። ጥዬህ አልሄድም።

ባለቤትህ፣
አበባ