ለእንግዳ የታጨደ ቄጠማ

ዓርብ

ባለሙያው ከመኪናው ወርዶ እግሩ ሥር አየና «ይሄ ቄጠማ ከየት መጣ?» አለ።

እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን አስተካክለው «ከራሳችን ነው ጌታዬ! ከገበያ የተገዛ እንዳይመስልዎት!» አሉት።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

መንግሥት የድጋፍ ገንዘብ የሰጠን እኮ ይህ የሶፊ ረግረግ እንዲያገግም ነው። እኛ የማኅበሩ ሴቶች ለዓመታት ቄጠማውን እያጨድን ሐረር ገበያ ስንሸጥ ኖረናል። አሁን ውል ገብተናል። ውሃውን የሚያፈሱትን ቦዮች መድፈን፣ ከብት አለማስገባት፣ ማጭድ አለማስገባት። በምትኩ በየተራ እየጠበቅን ደመወዝ እናገኛለን። የመጀመሪያው ክፍያ ቦዩን አስደፈነ፣ እስካሁንም አበላን። ሁለተኛው ሊለቀቅ የነበረው ዛሬ መጥተው ሲያዩልን ነው።

እና ምን አደረግን? ትናንት እትዬ ጽጌ «መንግሥት ደጃችን ድረስ ሲመጣ ባዶ መሬት ላይ ይራመድ?» አሉ። ሊቀመንበራችን ናቸው፤ ለእንግዳ የሚሰስቱት ነገር የላቸውም። «ትንሽ ብቻ፣ ለመንገዱ» አሉ። እያንዳንዳችን ትንሽ አጨድን። የሁላችን ትንሽ ሲደመር በውሃው ዳር የነበረው ለምለም በሙሉ ሆነ። እኔም አንድ እቅፍ አጭጃለሁ። ማንበብ የምችለው እኔ ስለሆንኩ ውሉን ለሴቶቹ ያነበብኩላቸው ራሴ ነኝ። ግን ማጨድ ማለት ለመሸጥ ነው ብዬ ነበር። ለእንግዳ መጎዝጎዝ ማጨድ መሆኑ ለአንዳችንም አልታየንም።

ባለሙያው አቶ ሙክታር ከጉዝጓዙ ላይ ወርዶ ዳር ዳሩን በጭቃው ሄደ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣ ግን ፊት ለፊት አንቱ እንለዋለን። አልተቆጣም። የባሰው እሱ ነው። ፎቶ አነሳ፣ ምሳችንን ሳይቀምስ ሄደ።

ቅዳሜ

እትዬ ጽጌ ራሴን አሞኛል ብለው ከቤት አልወጡም። የቀረነው ሶፊ ተሰበሰብን።

ሰናይት «ከብት ገብቶ ነው እንበላቸው» አለች። ከሁላችን ታናሽ ናት፤ ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች።

አዴ ፋጡማ ሳቀችባት። «የማን ከብት? እዚህ ዙሪያ ያለው የኔ ብቻ ነው። በሬዬ አጭዶ፣ አስሮ፣ ተሸክሞ እስከ መንገድ ድረስ ጎዘጎዘ ልትይ ነው? ወላሂ፣ እንዲህ ያለ በሬ ቢኖረኝ ጫቴን ለማስለቀም ሰው አልቀጥርም ነበር!»

ሁላችንም ሳቅን። ሰኞ ቢሮ ሄደን እውነቱን ልንናገር ተስማማን።

በአክብሮት አዴ ብላትም ፋጡማን አንቺ ነው የምላት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ግን አንቱ ስላት «ስንት ፋጡማ ይታይሻል?» እያለች ታስተወኛለች። ቤቷም ጫቷም ረግረጉ ጥግ ነው። ቦዩ ሲደፈን ውሃው ወደ ጫቷ ተመለሰ፤ የታችኛው መስመር ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ይህን እያወቀች የተስማማችው ስለ እሳቱ ነው።

እሳቱን መቼም አልረሳውም። በረግረጉ ሥር ያለው ጥቁር አፈር በስልጠናው እንደነገሩን የሞተ ሣር ነው። ውሃ ውስጥ ስለሆነ ሳይበሰብስ ተደራርቦ ኖሯል፤ ውሃው ከሸሸው ግን እንደ ከሰል ይቀጣጠላል። አምና በጋ መሬቱ ከሥር ሲጨስ ከረመ። ነበልባል የለውም፣ በውሃ አይጠፋም። የፋጡማ ጥጃ ረግጦት እግሩ ተቃጠለና ታረደ። ገንዘቡን ለመጠየቅ ማኅበር ያቋቋምነው ከዚያ በኋላ ነው።

እሑድ፣ ሆሳዕና

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ቄጠማ የምትረከበኝ ነጋዴ ጠበቀችኝ።

«የቅዳሜውን መቼ ታመጪልኛለሽ?»

«ዘንድሮ የለም።»

«አንቺ ደግሞ! ዋጋ ለማስወደድ ነው? የጠራሽውን እሰጥሻለሁ። ዘንድሮ ወንዙ ሁሉ ደርቆ ቄጠማ ጠፍቷል።»

በቀዳም ስዑር ካህናቱ ቄጠማ ያድላሉ፤ ሰው ሁሉ ራሱ ላይ ያስራል፣ ለፋሲካም ቤቱን ይጎዘጉዛል። ከዓመት ዓመት ትልቁ ገበያችን ይህ ነበር። የለም ብያት ሄድኩ። ዞር ስል ሰናይት ዘንባባዋን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

ሰኞ

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ባጃጅ ይዘን፣ እኔና እትዬ ጽጌ፣ ወደ ቢሮ ሄድን። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

አቶ ሙክታር እጁን ሲዘረጋ እትዬ ጽጌ ወደ ኋላ አሉ። ፊቱ ተለወጠ፤ የተቀየሙት መሰለው። እኔ «ሕማማት ነው» አልኩ፣ በቀስታ። «ውይ፣ ረስቼው! ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር አድጌ!» አለና ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ሴቶቹን አይንኩብኝ» አሉት።

«እትዬ፣ ለክብር መሆኑ ገብቶኛል። ኮሚቴው የሚያየው ግን ፎቶውን ነው።»

ሁለተኛው ክፍያ ታግዷል። ተመልሶ መጥቶ ያያል። የታጨደው ካቆጠቆጠና አዲስ ካልተነካ ጉዳያችንን እንደገና ያቀርባል። ካልሆነ ውሉ ይፈርሳል። መቼ እንደሚመጣ አይናገርም። እስከዚያ ደመወዝ የለም።

«ሳይከፈለን እንጠብቅ ማለት ነው?» አልኩት።

«ጠብቁ ልላችሁ አልችልም። አትጠብቁ ልላችሁም አልችልም።»

ስንመለስ እትዬ ጽጌ ባጃጁ ውስጥ አለቀሱ። የወደቀ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለስኩላቸው። ዝም ማለት እችልበታለሁ።

ማክሰኞ

ፋጡማ ግቢ ተሰብስበን ሁሉንም ነገርኳቸው። ብዙ ሰው ፊት ስናገር አፌ ይደርቃል፤ ዛሬ ግን ጨረስኩት።

ሰናይት ተነሳች። «ፋሲካ ነው። ልጆቼ ዶሮ መቼ ነው እያሉ ቀን ይቆጥራሉ። ቄጠማው እዚህ ቆሟል፣ ገዢ እዚያ ቆሟል። እኔ ምን ልሁን?»

ይህን ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ ፋጡማ፦ «እኔም ልናገር፣ በኋላ ደበቀችን እንዳትሉ። ጫቴ ሥሩ በውሃ እየሞተ ነው። ገንዘቡ ቢመጣ ከላይ በኩል አዲስ እተክል ነበር። ውሉ ከፈረሰ ቦዩን በዚያው ቀን እከፍተዋለሁ።»

«ረግረጉስ?» አልኳት።

«ይደርቃላ።»

«እሳቱስ?»

መሬት መሬት አየች። «አስካለ፣ እኔም እኮ እበላለሁ።»

ትክክል ናት። ሰናይትም ትክክል ናት። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እስከ በዓሉ በነጻ ለመጠበቅ ተስማማን፣ ግን ፊታቸውን አይቻለሁ።

ረቡዕ

ለፋሲካ፦
ዶሮ፣ አይታሰብም።
እንቁላል፣ ትንሽ።
ቅቤ፣ ከእህቴ ልጠይቅ? (አልጠይቅም።)
ሽንኩርት፣ አለ።

ነጋዴዋ ሁለቴ ደወለች። በሁለተኛው አላነሳሁም። ብትጨምርልኝስ ብዬ ፈርቼ ነው። እውነቱ ይሄው ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ተራዬ ነበር። የታጨደው ጎን ጫፍ ጫፉ ማቆጥቆጥ ጀምሯል፤ ጣት የማያክል፣ ግን አረንጓዴ። ደስ አለኝና ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት።

ከዚያ ስለ ነገ አሰብኩ። ነገ ስቅለት ነው፤ እኛ ቀኑን ሙሉ ስግደት ላይ ነን። ነገ ጁምዓም ነው፤ የሶፊ ወንዶች ቀትር ላይ መስጊድ ናቸው። ረግረጉ ዙሪያ ሰው የማይኖርባት ሰዓት ያቺ ናት። ለቅዳሜ ቄጠማ የሚፈልግ ሁሉ ይህን ያውቃል።

«እኔ ልቅርና ልጠብቅ» አልኳት ፋጡማን።

«ሂጂ ስገጂ! ጁምዓ በሴት ላይ ግዴታ አይደለም፣ ቤቴ እሰግዳለሁ። በዓመት አንዴ የሚመጣ ቀንሽን ለሣር ብለሽ?»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን አይደለሁም፣ አላህ አለ። ምላሴም አለ።»

ዓርብ፣ ስቅለት

ሰገድኩ። ጉልበቴ እንጂ ልቤ አልሰገደም። በእያንዳንዱ ስግደት ብድግ ስል የሚታየኝ ቄጠማ ነው። ሰናይትን በዓይኔ ፈለግኳት፤ ልጆቿ አያታቸው አጠገብ አሉ፣ እሷ የለችም። ደጋግሜ ፈለግኳት። የለችም።

ማምሻውን ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባዬን ቸብ ቸብ ሲያደርጉኝ እንኳ ስለ ሰናይት ነበር የማስበው። ወጥቼ ለፋጡማ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። የሰናይትም ዝግ ነው።

ቅዳሜ፣ ቀዳም ስዑር

ጠዋት ቄጠማ ተቀበልኩ። ራሴ ላይ ሳላስረው አሸተትኩት። ቄጠማ ሁሉ ሽታው አንድ ነው፤ የኛ ይሁን አይሁን አይለይም። በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ሶፊ ሄድኩ።

ፋጡማና ሰናይት ውሃው ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከኋላቸው የረግረጉ አንዱ ጥግ ተመልጧል። ሌላው ግን ቆሟል።

ፋጡማ ነገረችኝ። ልክ በጁምዓ ሰዓት ጎረምሶች ባጃጅ ይዘው መጡ። «ተዉ ብላቸው ‹እናት ዓለም፣ ሣር እኮ ነው› ብለው ሳቁብኝ። ረገምኳቸው፣ ያጭዳሉ። ከዚያ ይቺ ከላይ ማጭድ ይዛ ስትወርድ አየሁ። የእነሱ ናት ብዬ እሷንም ረገምኳት።»

ሰናይት ቀና አላለችም። «ለማጨድ ነው የመጣሁት። አልዋሽም።»

«ታዲያ?»

«ቀደሙኝ። ሲያጭዱት ሳይ ደሜ ፈላ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ አንጀቴን አስሬ ዝም ያልኩትን እነሱ በባጃጅ መጥተው? ማጭዴን ይዤ መሃላቸው ገባሁ። ምን እንዳልኩ አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ፣ በስቅለት የሚባል አይደለም!» አለች ፋጡማ። ጎረምሶቹ የያዙትን ይዘው ሄዱ። ሰናይት ከዚያ በኋላ አልሄደችም፤ እዚያው አደረች።

ለአቶ ሙክታር ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት መንገር አለብን አልኩ። ሁለቱም አዩኝ። እትዬ ጽጌ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ስለዚህ እኔ ደወልኩ። የተመለጠውንም፣ ሰናይት ለምን እንደመጣችም ነገርኩት። የሷን ልተወው ብዬ ነበር፤ ራሷ ናት «ንገሪው» ያለችኝ። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ «ማክሰኞ እመጣለሁ» ብሎ ዘጋ።

«ተቆጣ?» አለችኝ ፋጡማ።

«አላውቅም።»

ድምፁን ደጋግሜ አሰብኩት። አሁንም አላውቅም።

ሰናይት ልትሄድ ስትል ፋጡማ ከጓሮ አንዲት ዶሮ ይዛ መጣች። «ነፍሷ እንዳለ ውሰጃት። የኔ ቢላ ለእናንተ አይሆንም።» ሰናይት አልቀበልም አለች። ፋጡማ ዶሮዋን እቅፏ ውስጥ ጣለችና «ያዣት፣ ካመለጠችሽ አንቺ ነሽ የምታሳድጃት!» አለቻት።

ከዚያ ዶማዋን አንስታ ወደ ቦዩ ወረደች። ልትከፍተው መስሎኝ ነበር። ከተደፈነበት በኩል ውሃ ያፈስ ኖሯል፤ ጭቃ ከምራ ረገጠችው፣ ደግማ ረገጠችው።

«እስከ ማክሰኞ» አለች ሳትዞር። «ከዚያ ወዲያ ቃል አልሰጥሽም።»

ቃል አልጠየቅኳትም። አጠገቧ ወርጄ ጭቃውን አብሬያት ረገጥኩ። አሁን ቤቴ ነኝ፤ እግሬን ታጥቤያለሁ፣ ጥፍሮቼ ግን ገና ጥቁር ናቸው። ሽንኩርቱን ልክተፍ።