በመዳፍ የሚሰማ ሞተር

ይድረስ ለናፈቅከኝ ልጄ፤ እንዴት ከረምክ? እኛ ደህና ነን።

እህትህ ኮሌጁን ጉድ አሰኘችው! በምህንድስና ቤተ ሙከራቸው አንድ ሞተር አስቸግሮ፣ ተማሪው ሁሉ ጆሮውን ደቅኖ ችግሩን አጣው። መስማት የተሳናት እሷ ግን መዳፏን ሞተሩ ላይ አሳርፋ «ኩሽኔታው ነው» ብላ ጻፈች። ሲፈታ እውነትም ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበልቶ ተገኘ።

አሁን ጋራዤ እየመጣች እኔንም ሞተር በመዳፍ መፈተሽ ታስተምረኛለች። የምልክት ቋንቋዋንም ተያይዤዋለሁ። «አባዬ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የት ነበርክ?» ብላ በጣቶቿ ቀለደችብኝ።

ባለፈው ስትደውል ስለ ወገቤ ብትጠይቀኝ ስለ ዝናቡ መለስኩልህ አሉ። ስልኩ ነው የተበላሸው፤ እናትህ ግን «ስልኩስ ደህና ነው» ብላ ትከራከረኛለች። ለማንኛውም ከእንግዲህ ጻፍልኝ።

ጤናህን ያብዛልኝ።
አባትህ፣ የመሐንዲሷ ተማሪ