ስልክ ነው ወይስ ኮምፒውተር? ለተከበሩ አቶ ወንዳፈረው፣ ስለ ታሸገው ሱቄ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሆሳዕና

የጠዋቱ ቆጠራ፦ የታሸገ ሱቅ፣ አንድ። በውስጡ የተቆለፉ የደንበኛ ስልኮች፣ ሃያ ሦስት። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ስልካቸውን ሊወስዱ መጥተው በሩን አይተው የተመለሱ፣ ሰባት ሰዎች። መጥተው ያልተመለሱ፣ አንዲት እናት። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣ መልስ፣ የለም።

ለተከበሩ አቶ ወንዳፈረው፣
የመናኸሪያ አካባቢ ንግድ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም መልካም ጤንነት እመኛለሁ። ማኅተሙን ለይቼ ያነሣሁት በሱቄ በር ላይ ከተለጠፈ ዐሥራ ሁለተኛ ቀኑን ስለያዘና ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ስለሆነ ነው።

እኔ ሃቢባ ናስረዲን በመናኸሪያው መግቢያ ፊት ለፊት ስልክ ስሸጥና ስጠግን ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የቀኑን ነገር በየቀኑ በደብተር የማስፈር ልማድ አለኝ፤ ይህም ደብዳቤ ከዚያው ደብተር የተገለበጠ ስለሆነ ቆጠራው ከሰላምታው በፊት በመግባቱ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

በደብተሬ እንደተጻፈው፣ መስከረም 13 ቀን ከምሳ በኋላ በሱቄ በር ሲያልፉ ቆም ብለው «እህት ሃቢባ፣ የቢሮው ኢንተርኔት እንደ ደከመው በሬ ተኝቶብናል፤ እስቲ እዪልን» አሉኝ። ላፕቶፕ የለኝም። ያለኝ ጥጉ የተሰነጠቀ፣ ለመለዋወጫ እንኳ ገዢ ያጣ አንድ አሮጌ ስልክ ነው። በዚህ ስልክ ላይ፣ የራሱን ስርዓት ሳላጠፋ፣ ካሊ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ስርዓት ጭኜበታለሁ፤ ባለሙያዎች የአንድ መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት መስመር በሩ የተዘጋ መሆን አለመሆኑን የሚፈትሹበት ነው። በከተማችን መብራትና ኔትወርክ ስርዓቱን ከኢንተርኔት ለማውረድ ብቻ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ፊደሎቹ በዚያ ስክሪን ላይ ጤፍ ያክላሉ፤ የምጽፈውም በገመድ በተያያዘ ትንሽ ኪቦርድ ነው። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ኢንተርኔት የሚያከፋፍለውን ራውተር ስለምሸጥ ነው። ቁልፍ የሚሸጥ ሰው ቁልፉ መቆለፉን አስቀድሞ በራሱ በር ላይ መሞከር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ስልኩን ይዤ መጣሁ፤ እርስዎና የጥበቃ ሠራተኛው አቶ ዳኘ ቆማችሁ እያያችሁ ሩብ ሰዓት ሠራሁ። ጽሕፈት ቤቱ ዐሥራ አራት ሠራተኞች ሲኖሩት በመስመሩ ላይ ስድሳ አንድ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ተገኙ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በመናኸሪያው ካፌዎች ሻይ የሚጠጡ ነበሩ። የይለፍ ቃሉ ከፋብሪካ እንደመጣ በራውተሩ ሆድ ላይ የተጻፈው ነው። ራውተሩን የሸጥኩት እኔ ስሆን በደረሰኙ ጀርባ ላይ «ይቀየር» ብዬ ጽፌ ነበር። ከዚህም በላይ የባለጉዳዮች መታወቂያ ቅጂ የተቀመጠበት ፋይል ለማንም ክፍት ነበር። ያገኘሁትን ሁሉ በማግስቱ «ምስጢራዊ» ብዬ በታሸገ ፖስታ ጻፍኩ፤ የትኛው እንደሚቀየር እንዳይጠፋችሁ የይለፍ ቃሉንም አሰፈርኩ። ከዚህ በኋላ ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ጽሕፈት ቤትዎ ለግልጽነት ካለው ፍቅር የተነሣ ማንኛውንም ገቢ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንደሚለጥፍ አላውቅም ነበር። መዝገብ ቤቱ ፖስታውን ከፍቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ «ምስጢራዊ» በሚለው ቃል ላይ ማኅተም መትቶ፣ የይለፍ ቃሉ በሚነበብበት በኩል ሰሌዳው ላይ ስለለጠፈልኝ አመሰግናለሁ። በጽሑፍ ሥራዬ ይህን ያህል አንባቢ አግኝቼ አላውቅም። አቶ ዳኘ በዚያው ሳምንት አግኝተውኝ «ሃቢባ፣ ዘንድሮ ይሄ ሕዝብ ማስታወቂያ ማንበብ ወደደ፤ ስልኩን እንደ መስታወት ይዞ ነው የሚያነበው» ብለውኛል። ስድሳ አንዱ ወደ አንድ መቶ አርባ ማደጉን የኮሚቴዎ ቃለ ጉባኤ ራሱ ይመሰክራል።

2. ኢንተርኔቱ ጭራሽ ሲቆም አምስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ በሰብሳቢነትዎ ተቋቁሞ፣ ችግሩ የባሰው ከደብዳቤዬ በኋላ ስለሆነ መንሥኤው ደብዳቤዬ ነው ሲል ወስኗል። በዚህ አካሄድ ዶሮ ጮኾ ፀሐይ ስለምትወጣ ዶሮው ሊጠየቅ ይገባል። ወደ ቢሮው የመጣሁት በማን ጥያቄ እንደሆነ ሳስረዳ፣ በቃል የተባለ ነገር በመዝገብ ስለሌለ እንዳልተባለ ይቆጠራል ተብሎ ተመልሶልኛል። የተናገረው ሰው ከፊቴ በሰብሳቢው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለነበር፣ የተናገሩትን እንዲህ አጥርቶ የመርሳት ችሎታ ለሥልጣን የግድ እንደሚያስፈልግ ተምሬያለሁ።

3. የንግድ ፈቃዴ «የሞባይል ቀፎና መለዋወጫ ችርቻሮ» ይላል። ኮሚቴው ስልኬን አስከፍቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲያይ፣ ዕቃውን በቃለ ጉባኤው «በስልክ መልክ የተሠራ አንድ ኮምፒውተር» ብሎ መዝግቦታል። ኮምፒውተር ደግሞ በፈቃዴ ውስጥ ስለሌለ፣ ከዘርፍ ውጪ በመነገድ ሱቄ መስከረም 29 ቀን ታሽጓል። የንብረት ክፍሉ ግን በዚያው ቀን ዕቃውን ከእኔ ሲረከብ የሰጠኝ ደረሰኝ «አንድ አሮጌ ስልክ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ» ይላል። ሁለቱም ወረቀቶች እጄ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ያንኑ ማኅተም ይዘዋል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ኮሪደር ውስጥ፣ ከሦስተኛው ክፍል ወደ አምስተኛው ሲሻገር ኮምፒውተርን ወደ ስልክ የሚለውጥ ጽሕፈት ቤት በከተማችን መኖሩ የሚያኮራ ነው። እኔ ስልኩን ኮምፒውተር ለማድረግ አራት ቀን ፈጅቶብኝ ነበር።

4. ይህን ቁጥር ለቀልድ አላዘጋጀሁትም። ወይዘሮ ሐዳሳ የአንጋጫ ሰው ናቸው። ስክሪኑ የተሰበረ ስልካቸውን ጠግኜ የጨረስኩት ሱቁ በታሸገበት ጠዋት ነው። ልጃቸው ሚክያስ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፤ እሑድ እሑድ እርሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በዚያ ቁጥር ይደውላል። የእርሱ ቁጥር ያለው በዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። ሲሙም በልጁ ስም የወጣ ስለሆነ እናቱ ምትክ ማውጣት አልቻሉም። ሁለት እሑድ አልፏል። እርሱ በዚያ አገር ሱቅ ተዘረፈ፣ ሰው ተመታ የሚል ወሬ በማይጠፋበት ሰፈር እየነገደ፣ የእናቱ ስልክ ለምን እንደማይነሣ አያውቅም፤ እናቱም እርሱ ደኅና ይሁን አይሁን አያውቁም። መልእክት ላኩ ብላቸው «በማን በኩል፣ ልጄ?» አሉኝ። በየሁለት ቀኑ ከአንጋጫ በመኪና ይመጣሉ፤ ዛሬም ከማኅተሙ ሥር ደፉ ላይ ተቀምጠዋል። ምናልባት ስልኩ ከበሩ ኋላ ሲጮህ ይሰማኛል ይላሉ። ባትሪው ካለቀ ቆይቷል፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ልመናዬ አጭር ነው፤ ከሁለቱ ወረቀቶችዎ አንዱን እንዲመርጡልኝ ብቻ ነው። ዕቃው ስልክ ከሆነ በፈቃዴ ውስጥ ነውና እስከ ዓርብ ድረስ ሱቄ ይከፈት፤ እሑድ ቅርብ ነው። ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ፣ ጽሕፈት ቤትዎ «በኮምፒውተር እጥረት ምክንያት» ከነሐሴ ጀምሮ ፈቃድ ማደስ ማቆሙን በዚያው ሰሌዳ ላይ አንብቤያለሁና፣ ያለ ምንም ክፍያ በስጦታ አበርክቼዋለሁ፤ ይሠሩበት። ከሁሉም በፊት ግን ሃያ ሦስቱ ስልኮች ይውጡ። እነርሱ የሌላ ሰው ናቸው፤ ምንም ሊኑክስ የለባቸውም።

በመዝገብ የሌለውን ቃል ለማይናገሩት፣ የተናገሩትንም ለማያስታውሱት ለእርስዎ፣ ከታሸገ በር ውጪ ቆማ ያላትን አክብሮት ሁሉ የምታቀርብ፣ ፈቃዷ ሳይሰረዝ ፈቃድ ያጣች ታዛዥዎ፣

ሃቢባ ናስረዲን

ድኅረ ማስታወሻ፦ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለጋዜጣ አልላክሁም፤ ገቢ ደብዳቤ ሁሉ የት እንደሚለጠፍ ስለማውቅ ለመዝገብ ቤትዎ ይበቃል። የይለፍ ቃሉን በዚህኛው አላስገባሁም፤ የመጀመሪያው ደብዳቤ እስከ ዛሬ ጠዋት ከሰሌዳው አልተነሣም፣ የይለፍ ቃሉም አልተቀየረም፤ ይህን የነገሩኝ የካፌው ደንበኞች ናቸው።

ነገ ረቡዕ፦ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መዝገብ ቤት፣ ሦስት ቅጂ። ሙጫ ይዞ መሄድ፤ የእነርሱ አልቋል ብለዋል። ለወይዘሮ ሐዳሳ ከጎረቤት ወንበር መዋስ፤ የእኛ ውስጥ ታሽጓል።