አራት ሚሊሜትር

እሑድ፣ ኅዳር 3

ዛሬም ማክሮ ሳነብ ዋልኩ። ዱሮ ቁምሳጥን እስል ነበር፤ አሁን ኮምፒውተሩ ቁምሳጥን እንዲስል የሚያዘውን ጽሑፍ አነባለሁ። እሱንም የሚጽፈው ሰው አይደለም፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱ ነው። ኢንጂነር ሻሂር በሁለት መስመር ያዘዋል፣ እሱ አራት መቶ መስመር ያወርዳል። ከዚያ ወደ እኔ። ካልፈረምኩበት ወደ መጋዝ ክፍል አይወርድም።

ሻሂር በበሩ ብቅ አለ።

"ሐጃ ኢንሳፍ፣ ስህተት አገኘሽ?"

"አላገኘሁም።"

"ይኸው! ሁለት ወር ሙሉ አላገኘሽም። ታዲያ ማንበቡ ለምን አስፈለገ?"

ሳቅኩ። ግን ንግግሩ ቤት ድረስ ተከተለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ፋብሪካ... ፋብሪካውን ያወረሱት አባቱ በሕይወት ቢኖሩ እንዲህ ብለው ይጠይቁኝ ነበር?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ትልቅ ትእዛዝ። ለነርሶች መኖሪያ መቶ ሰማንያ ቁምሳጥን፣ ሦስት መቶ ስድሳ በር። ቺፑዱ ለዚሁ ሥራ ብቻ ተለክቶ የመጣ ነው፤ ቀለሙ ዱምያት ከተማን ሙሉ ብታስስ አይገኝም። ቅዳሜ መቁረጥ ይጀመራል።

ሻሂር ደስ ብሎታል። "ይሄ በሰላም ካለቀ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ማክሮው በቀጥታ ወደ መጋዝ ይወርዳል። አንቺ ደንበኛ ታስተናግጃለሽ። ሻይ እየጠጣሽ።"

ሻይ እየጠጣሁ! እኔ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

መስመር በመስመር አነበብኩት። የበሩን ወርድ ስድስት መቶ ሚሊ ብዬ ስሰጠው ስዕሉ ላይ አምስት መቶ ዘጠና ስድስት ይጽፋል። ደነገጥኩ። ደስም አለኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። "ያዝኩህ!" አልኩት።

ኋላ ሳየው ልክ ነው። በሩ ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙ ላይ ስስ ፕላስቲክ ይለጠፍበታል፤ በግራ ሁለት ሚሊ፣ በቀኝ ሁለት። እስካሁን የመጡት ማክሮዎች ጠርዙን አይቀንሱም ነበር፤ ይሄኛው ያንን አስቦ ቀንሷል። ጎበዝ ነው፣ ምን ይባላል...

ግን እኔ በእጄ ስስል እንዲህ ቀንሼ አላውቅም። ስድስት መቶ ከሆነ ስድስት መቶ ነበር የምጽፈው። በሮቹስ እንዴት ልክ ይመጡ ነበር? ራት ላይ ባሌ "ምን ሆነሻል?" አለኝ። "አራት ሚሊ" አልኩት። ዳቦውን አቀበለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

የዛሬውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሻሂር እስክሪብቶ ይዞ መጣ። "ፈርሚ።"

"መጀመሪያ አንድ በር ሲቆረጥ ልይ።"

"ስክሪኑ ላይ ልክ ነው አላልሽም?"

"ልክ ነው።"

"ታዲያ ሰጋቱራ ውስጥ ምን ልትፈልጊ ነው?"

"እንጃ። በሩ ግን ስክሪን ላይ አይቆረጥም።"

እያጉረመረመ ተከተለኝ። ቆራጩ ኡስታ ዓሹር መጋዙ ጋ ነበር። ጆሮው በመጋዝ ጩኸት ደክሟል፣ ስለዚህ እሱም እየጮኸ ነው የሚያወራው። ስዕሉን አየ፣ መለኪያውን ገፋ፣ ቆለፈው። አየሁት። አምስት መቶ ዘጠና ሁለት።

"ኡስታ፣ አቁም!"

"ምን ነካሽ?"

"ስዕሉ ዘጠና ስድስት ነው የሚለው!"

"ማንበብ አልችልም እንዴ? የጠርዙን ማን ይቀንስልሽ? ሃያ ስድስት ዓመት ስቀንስልሽ የኖርኩት እኔ አይደለሁም?"

ትዝ አለኝ... ሥራ በጀመርኩ ሳምንት ነው። "አንቺ ያለቀለትን በር ልክ ጻፊ፣ የጠርዙን ለእኔ ተዪው" አለኝ። ተውኩለት። የትም አልጻፍነውም። ማሽኑ ከየት ይወቀው? እሱ በደንቡ ቀነሰ፣ ዓሹር በልማዱ ሊቀንስ ነበር። ሁለቱም ልክ፣ በሩ ግን አራት ሚሊ ጠባብ። የቁምሳጥኑ ሁለት በሮች ሲዘጉ መሃላቸው ጣት ሊያስገባ ነው።

ሻሂር ቺፑዱ ክምር ላይ ተቀመጠ። "ሦስት መቶ ስድሳ በር..." አለ።

አልፈረምኩም። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ትንሽም አፈርኩ፤ ያልጻፍኩት እኔ ነኝና።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ዓሹር አኩርፏል። "ከእንግዲህ ማሽኑ ይቀንስ፣ አንተ አትቀንስ" ብንለው፣ "እኔ ምን ቀረኝ ታዲያ? መጥረጊያ ስጡኝ!" አለ።

አጠገቤ አስቀመጥኩት። "ኡስታ፣ ሳትነግረኝ የምታደርገው ሌላ ነገር አለ?"

"ለምን፣ ጊዜ አለሽ?"

እስከ ቀትር ነገረኝ። በባሕሩ በኩል ለሚሄድ ዕቃ ለእርጥበት አንድ ሚሊ ይተዋል። ከባድ መሳቢያ ከሆነ ታቹን ወፈር ያደርጋል... አሥራ አንድ ነገር ቆጠርኩ። አንዱም ማክሮው ውስጥ የለም። ሁሉንም አስገባሁ፤ በእያንዳንዱና በጠርዙ ቅናሽ አናት ላይ የማን ልማድ እንደሆነ ጻፍኩ። ከዚያ አንድ በር አስቆርጬ፣ ጠርዙን አስለጥፌ፣ በሜትር ለካሁት። ስድስት መቶ። ፈረምኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ሁለት መቶ በር። አንድም አልጠበበም።

ሰኞ፣ ኅዳር 18

ጠዋት የመጨረሻው መኪና ተጭኖ ሄደ። አዲስ ማክሮ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፣ የሕፃናት አልጋ። ሻሂር በበሩ ብቅ አለ።

"ሐጃ፣ ስህተት አገኘሽ?"

"አላገኘሁም።"

"ታች ወርደሽ አይተሻል?"

"ገና ነኝ።"

"ታዲያ ምኑን ነው አላገኘሁም የምትይው? ውረጂ እንጂ!"

ልወርድ ስል ዓሹር ራሱ መጣ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ሙሸበክ ጣፋጭ ይዞ። ማሩ ወረቀቱን አልፎ እጁ ላይ ወርዷል። "ስሜ አለበት ያልሽውን አሳዪኝ" አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከፈትኩለት። መነጽሩን ፈልጎ አጣ። መስመሩን እኔ አነበብኩለት፦ የጠርዝ ቅናሽ፣ በኡስታ ዓሹር።

"የቱ ጋ ነው?" አለ። ጣቱን ይዤ ስሙ ላይ አደረግሁለት። ከዳር እስከ ዳር በጣቱ አሻሸው።

ስክሪኑ ላይ ሰጋቱራና ማር ተለጥፎ ቀርቷል። ሶፍት አንስቼ ነበር፣ መልሼ አስቀመጥኩት።