የአሮጌው ዓመት ኑዛዜ

ልጄ ዊልመር፣ እመቤቴ በሄድክበት ሁሉ ትከተልህ፤ የማድሪድንም ብርድ ታቅልልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጣሪያው ተጠግኗል። ድመቷ አሁንም አንተ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው።

ዘንድሮም ተማሪዎቼን፣ «አሮጌው ዓመት» ብለን በዓመቱ መጨረሻ የምናቃጥለው የጨርቅ ሽማግሌ ለሰፈሩ ሰው የሚተወውን ኑዛዜ ጻፉ አልኳቸው። ሁሉም ራሳቸው ሳይጽፉ፣ በስልካቸው ሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጽፈው መጡ። ቤት የሚመታ፣ ያማረ ግጥም ነው፤ ሲነበብ ግን አንድም ሰው አልሳቀ። ለሰፈሩ «ሰላምና ተስፋ» ይተዋል! እዚህ ከተማችን ሂፒሃፓ ውስጥ ሽማግሌው ቀልድ እንጂ ተስፋ አውርሶ ያውቃል?

አልተቆጣሁም። እሺ፣ ትንሽ ተቆጥቻለሁ። «ስልካችሁ ባለ ሉካንዳውን ዶን ኡልፒያኖን ያውቃቸዋል? ሂዱና ሰፈራችሁን አይታችሁ ኑ!» አልኳቸው።

በማግስቱ ጆማይራ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ተነስታ አነበበች፦ «ለዶን ኡልፒያኖ፣ ሚዛን ላይ የሚያርፈው አውራ ጣታቸው እንዳይደክም ትራስ ትቼላቸዋለሁ።» ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ቀጠለች፦ «ለመምህርታችን ለኤድልሚራ ደግሞ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልጃቸው እየመሰላቸው በባዶ እግራቸው እንዳይሮጡ፣ ነጠላ ጫማ።» እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሰሌዳ የማጠፋ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ልጄ፣ ለልደቴ የላክልኝ መልእክትም በጣም ያማረ ነበር። ሰላምና ተስፋ ተመኝተህልኛል።

ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ከክፉ ይጠብቅህ። ሌላ ጊዜ ስትጽፍልኝ ግን እባክህ ምሳህን ምን እንደበላህ፣ ማን እንዳናደደህ ንገረኝ፤ ባያምርም ግድ የለም። በባዶ እግሬ የምሮጠው እንዲህ ላለው ወሬ ነው።

እናትህ