ተልባውን እያወቅሽ ጠጣሽው

እማዬ፣

የለቅሶ ቤት ወሬ ስለሰለቸኝ በቀጥታ ልግባ። ከሄድሽ ሰባት ወር ሆነሽ። ሰበታ ያው ናት፤ የፋብሪካችሁ ሰርቪስ አሁንም ጠዋት በራችን ላይ ጡሩምባውን ይነፋል፣ አንቺን የሚጠብቅ ይመስል። ቤቱን ወንድምሽ ጋሼ ደገፋ ተረክበውታል። ሳሎን ቁጭ ብለው ሬዲዮ እያዳመጡ ሁላችንንም ያክማሉ።

ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታል ተደወለ። ኦፕራሲዮን ስትሆኚ ካወጡልሽ እጢ ቁራጩን ለጥናት አስቀምጠውት ኖሯል፤ በቤተሰቡ ሌላ የታመመ እንዳለ ሊጠይቁን ፈለጉ። ከጋሼ ጋር በሚኒባስ ሄድን። ዶክተሯ አስረዳችን፦ እዚያ ቁራጭ ውስጥ ከሆርሞን ጋር የሚሠሩ ጂኖች አሉ፤ የትኞቹ እንደነቁ፣ የትኞቹ ዝም እንዳሉ ይለካሉ፤ ለየትኛዋ ሴት የትኛው መድኃኒት እንደሚሆን ለማወቅ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና "ሆርሞን ያ ለፈረንጅ ዶሮ የሚሰጡት ነው አይደል? እኔ ድሮም እንቁላሉን ተዪ ብያት ነበር!" አሉ። ዶክተሯ ሳቋን ዋጠች። እኔ አልዋጥኩም።

ከዚያ አንድ ወረቀት አወጣች። "ከእንቁልጢ ካንሰሬ የተወሰደው ናሙና ለጥናት እንዲውል ፈቅጃለሁ" ይላል፣ በአማርኛ፤ እንቁልጢ፣ ያ የሴት እንቁላል የሚያፈልቀው። ከሥሩ ፊርማሽ፤ ያ ጅራቱ የረዘመው። ቀኑ የምርመራሽ ውጤት በወጣ ማግስት ነው።

ያን ሳምንት ታስታውሻለሽ? የእንግሊዝኛውን ውጤት ለጋሼ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። "ካንሰር የሚባል ቃል እዚህ ቤት እንዳይነሳ! ብትሰማ ትሞታለች። እብጠቱ ወጥቷል፣ የቀረው ጨጓራ ነው በያት" አሉኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁሽ። በየማለዳው ተልባ እየወቀጥኩ "ለጨጓራ ፍቱን ነው" አልኩሽ። አንቺም አፍንጫሽን ይዘሽ ጭልጥ አድርገሽ "ዛሬስ ቀለል አለኝ" ትዪኝ ነበር።

እያወቅሽ!

ጋሼን ብቻ ልቀየም ነበር ያሰብኩት። አሁን አንቺንም ተቀየምኩሽ፣ ራሴንም። አብረን መፍራት፣ አብረን ማልቀስ ስንችል ያን ሁሉ ወር በተልባ ተሸነጋገልን።

ትናንት አንድ እንግዳ "ኦቦ ደገፋ፣ ለመሆኑ ምን ነበር ያመማት?" አሉ። ጋሼ "ጨጓራ" ከማለታቸው እኔ ከጓዳ "የእንቁልጢ ካንሰር!" ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት። እኔም ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

አልረሳሽም፣ እማዬ። ያቺ ቁራጭሽ እንኳ ላብራቶሪ ገብታ እውነቱን እየተናገረች ነው። እኔ ደግሞ እዚህ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ የበሽታሽን ስም እጠራለሁ። የተረፈውን ተልባ ደፍቼዋለሁ።

ልጅሽ ሲፈን