በከል የታደምኩበት ኮንሰርት

ፈለቀ ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል?

ዛሬ ከሰዓት ጅማ፣ ዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ ልጄ ፀደንያ መድረክ ወጥታ ጊታር ተጫወተች! ለእናቷ የለበስኩትን ከል ሳላወልቅ በመሄዴ ተሳቅቄ ነበር፤ ለካ የሮክ ሙዚቃ ወዳጅ ሁሉ ጥቁር ለባሽ ነው። ጓደኛዋ ሙርሺድ «ማሻአላህ ፋዘር፣ ከሁላችንም የባሱ ሮከር እርስዎ ነዎት!» ብሎ አሳቀኝ።

እኛ ደብረ ብርሃን እንዲህ ያለውን ጊታር የምናውቀው በካሴት ብቻ ነው። ካሴቶቹንም ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቆልፌባቸዋለሁ፤ መደሰት እሷን መርሳት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን እጄ ሳያስፈቅደኝ አጨበጨበ። ፀደንያ ከመድረክ አይታኝ በእናቷ ሳቅ ሳቀች። ተመስገን አልኩ።

ከልህን አውልቅ ብለህ ስትለምነኝ እምቢ ብዬህ ነበር። ስመለስ አንተው አስወልቀኝ፤ ቴፑንም ወልውለህ ጠብቀኝ። ልጆቹን ሳምልኝ፣ ፖስትካርዱ ሞላብኝ።

ሚሊዮን